ስለ አንድነት የተሰበከ ስብከትና የወላይታ መልስ

የሕዝብ መሪዎች በአንደበታቸው ሕዝብን ያዋሕዳሉ ወይስ ያለያያሉ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አስቀድሞ በኅሊናው የሚሥለው፣ ጎረቤትን በጎረቤቱ ላይ የሚያስነሣውን ነገረኛ ተናጋሪ ነው፤ ነገር ግን በወላይታ የደረሰው እንደሚያስረዳን፣ ስለ አንድነት በለሰለሰ ቃል የተሰበከም ስብከት ሕዝብን አስቆጥቶ አደባባይ ያወጣል።

ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ መቀመጫው አርባ ምንጭ በነበረው በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ይተዳደሩ በነበረበት ዘመን፣ ሹማምንቱ የአራቱን ልሳናት መቀራረብ አይተው (መቀራረባቸውንስ የቋንቋ ሊቃውንትም አይክዱትም)፣ ከየስማቸው መነሻ ፊደል ለቅመው «ወጋጎዳ» ያሉትን የመማሪያ ቋንቋ አበጁ፣ መጻሕፍትም አሳተሙ፤ በባቢሎን የተለያየውን ልሳን በኮሚቴ ለማዋሐድ መነሣት መቼም ድፍረት ነው። የወላይታ ልጅ ከእናቱ አፍ የሰማውን ቃል ከጎረቤቱ ቃል ጋር ተቀይጦ በመማሪያ መጽሐፉ ላይ ባገኘው ጊዜ፣ በአዲሱም ስም ውስጥ ከወላይታ የተረፈችው አንዲት «ወ» ብቻ መሆንዋን ባየ ጊዜ፣ መምህራንና ተማሪዎች ተቃወሙ፤ በ1992 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራትም በሶዶ ከተማ ሰው ሞተ፣ ብዙዎችም ታሰሩ። በዚያ ዘመን የካድሬ አንደበት የሚቃወመውን ሁሉ «ጠባብ» ወይም «ትምክህተኛ» ብሎ መሰየም ልማዱ ስለ ነበረ፣ «አንድ ነን» ያለው አፍ ያልተስማማውን ከአንድነቱ ውጭ ለማድረግ አልዘገየም። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

ከዚህ የምንረዳው፣ «አንድ ነን» የሚለው ቃል ከአድማጩ አፍ ሲወጣ ኪዳን፣ ከላይ ሲታወጅበት ግን ትእዛዝ መሆኑን ነው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በሐዋሳ ከተማ ከተነሣው ግጭት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሶዶ ድረስ መጥተው ሕዝቡን ማነጋገራቸውና የዞን ሹማምንት በፈቃዳቸው ሥልጣን እንዲለቁ መጠየቃቸው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከብዙ የአዳራሽ ስብከት ይበልጥ ነበር፤ ቢሆንም በ2011 ዓ.ም. የዞኑ ምክር ቤት ክልል እንሁን ብሎ ያቀረበው ጥያቄ ሳይመለስ ቆይቶ፣ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዞኑ መሪዎች በታሰሩ ጊዜ በሶዶና በቦዲቲ እንደገና ደም ፈሰሰ።

በ2015 ዓ.ም. የወላይታና የአጎራባች ዞኖች ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሲሰጥ በወረቀቱ ላይ የቀረበለት ከሌሎች ጋር በአንድ ክልል መደራጀትን መደገፍ ወይም አለመደገፍ ነበር፤ ለብቻ ክልል መሆን ግን በምርጫው ውስጥ አልነበረም። በወላይታ የተሰጠው ድምፅ ተሰርዞ በሰኔ 12 ቀን እንደገና ተሰጠ፤ ሶዶም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርእሰ መስተዳድር መቀመጫ ሆነች። ጋሞና ጎፋ ዛሬ ከወላይታ ጋር በዚያው ክልል ሲሆኑ፣ ዳውሮ በደቡብ ምዕራብ ክልል ይገኛል።