ስታቲስቲካዊ ጉልህነትና የውጤት መጠን

ስታቲስቲካዊ ጉልህነት እና የውጤት መጠን በሥነ ልቦና ጥናት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን የሚመልሱ መለኪያዎች ናቸው። የመጀመሪያው «የታየው ልዩነት እንዲያው በአጋጣሚ ሊገኝ የሚችል ነው ወይ?» የሚለውን፣ ሁለተኛው ደግሞ «ልዩነቱ ምን ያህል ነው?» የሚለውን ይመለከታል። በተለመደው አማርኛ «ጉልህ» ማለት ትልቅና ግልጽ የሆነ ማለት ስለሆነ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። በስታቲስቲክስ ግን ጉልህ የተባለ ልዩነት በጣም ትንሽ ሊሆን ይችላል።

ፒ-ዋጋ

ጉልህነት የሚወሰነው ፒ-ዋጋ በሚባል ቁጥር ነው። ፒ-ዋጋ በእውነቱ ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ በናሙናው የታየውን ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ልዩነት የማግኘት ዕድል ነው። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ 0.05ን (ከ20 አንዱን) እንደ አመቺ ወሰን ተጠቀመበት፤ በኋላም በሥነ ልቦና የተለመደ ሆነ። ፒ-ዋጋ መላምቱ ትክክል የመሆኑን ዕድል አይናገርም። ከ0.05 መብለጡም ልዩነት የለም ማለት አይደለም።

የውጤት መጠን

ከተለመዱት መለኪያዎች አንዱ በአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በጄኮብ ኮኸን ስም የሚጠራው የኮኸን ዲ ነው። የሁለት ቡድኖች አማካይ ልዩነት ለመደበኛ ልይይት፣ ማለትም የግለሰቦች ውጤት ከአማካዩ ለሚራራቅበት መጠን፣ ሲካፈል ይገኛል። ኮኸን 0.2ን ትንሽ፣ 0.5ን መካከለኛ፣ 0.8ን ትልቅ ብሎ መድቧል፤ ሆኖም የተሻለ ማነጻጸሪያ በማይኖርበት ጊዜ ብቻ እንዲሠራባቸው አሳስቧል።

ምሳሌ

በአንድ የማስታወስ ፈተና አንዱ ቡድን በአማካይ 62፣ ሌላው 60 ነጥብ አገኘ እንበል። መደበኛ ልይይቱ በሁለቱም 10 ከሆነ፦

ዲ = (62 − 60) ÷ 10 = 0.2

* በየቡድኑ 50 ሰው ቢኖር፦ ፒ-ዋጋው 0.32 ገደማ ነው፤ ጉልህ አይደለም።
* በየቡድኑ 500 ሰው ቢኖር፦ ፒ-ዋጋው 0.002 ገደማ ነው፤ ጉልህ ነው።

የተለወጠው የሰው ብዛት እንጂ ልዩነቱ አይደለም።

በጣም ትልቅ ናሙና

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት 689,003 የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን ያካተተ ነበር። ተመራማሪዎቹ ለአንድ ሳምንት ከወዳጆቻቸው የሚደርሷቸውን ደስታ ያዘሉ ጽሑፎች ለአንዳንዶቹ ቀነሱባቸው። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው በጻፉት ውስጥ የአዎንታዊ ቃላት ድርሻ በ0.1 በመቶ ቀነሰ። ፒ-ዋጋው ከ0.001 በታች ሲሆን ዲ ግን 0.02 ብቻ ነበር። ተመራማሪዎቹ ትንሽ ለውጥም ቢሆን በብዙ ሚሊዮን ሰዎች ላይ ሲደመር ትርጉም እንዳለው ተከራክረዋል። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው ተጠቃሚዎቹ ለጥናቱ ተለይተው ፈቃድ አለመጠየቃቸውን ነቅፈዋል።

ትንሽ ናሙናና የተጋነነ ውጤት

ትንሽ ናሙና የተቃራኒውን ችግር ያመጣል። ከላይ ባለው ምሳሌ በየቡድኑ 50 ሰው ሲኖር የ0.05ን ወሰን ለማለፍ የሚታየው ልዩነት 4 ነጥብ ገደማ መድረስ አለበት። እውነተኛው ልዩነት 2 ከሆነ፣ ወሰኑን የሚያልፉት በአጋጣሚ እጥፍና ከዚያ በላይ የተጋነኑት ናቸው። መጽሔቶች ጉልህ ውጤት ብቻ ሲያትሙ አንባቢ የሚያገኘው እነዚህኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነ ሰፊ ሥራ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶች እንደገና ተካሂደው ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች 97 በመቶው ጉልህ ውጤት የነበራቸው ሲሆን፣ ሲደገሙ ግን ጉልህ የሆኑት 36 በመቶው ብቻ ናቸው። አማካይ የውጤት መጠኑም ወደ ግማሽ ወርዷል።

የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያ ተመራማሪዎች ከፒ-ዋጋ ጋር የውጤት መጠንንና እውነተኛው ልዩነት ሊገኝበት የሚችለውን ክልል አብረው እንዲገልጹ ይጠይቃል።