ጤፉ ብረት አለው፤ ደማችንስ?

ጤፍ የሚበላ ሰው የደም ማነስ አያገኘውም ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ጤፍ፣ በተለይ ቀዩ፣ ብረት እንዳለው እውነት ነው። ይሁንና እንጀራ ከገበታው በማይታጣ ቤት ያለች ነፍሰ ጡርም ጤና ጣቢያ ሄዳ «ደምሽ አንሷል» ትባልና የብረት ክኒን ይዛ ትመለሳለች። ምግቡ ውስጥ ያለው ማዕድን ሌላ፣ አንጀት ተቀብሎ ወደ ደም የሚያሳልፈው ሌላ ነውና።

ሲጀመር፣ ጤፍ ውስጥ የሚለካው ብረት ሁሉ የጤፉ አይደለም። ጤፍ አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ አፈር ይቀላቀልበታል፤ ፍሬው ደቃቅ በመሆኑም ቢነፋ ቢበጠር ሙሉ በሙሉ አይጠራም። ላቦራቶሪው የአፈሩንም ብረት አብሮ ይቆጥረዋል፤ ሰውነት ግን ከእሱ የሚያገኘው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የጤፍ የብረት መጠን ከጥናት ጥናት በእጅጉ የሚለያይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የጤፉ የራሱ የሆነው ብረትም ቢሆን በቀላሉ እጅ አይሰጥም። እህልና ጥራጥሬ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው፤ ብረትንና ዚንክን አጥብቆ ይይዝና ሳይመጠጡ ከሰገራ ጋር እንዲወጡ ያደርጋል። እዚህ ላይ እርሾ ባለውለታችን ነው። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ኢንዛይሞች ፋይቴቱን እየበጣጠሱ የያዘውን ማዕድን ያስለቅቁታል። አፍለኛ እንጀራ ለሚወድ ሰው ይህ ደስ የሚል ዜና ላይሆን ይችላል፤ በብረት በኩል ግን በደንብ የቦካው ይበልጣል።

የአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት በጠቅላላው የሚይዘው ብረት ከ3 እስከ 4 ግራም ቢሆን ነው። ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚገኘው ቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ ከሳንባ ኦክስጅን ተቀብሎ ለመላው አካል የሚያደርሰው ሄሞግሎቢን ያለ ብረት አይሠራም። ሲያንስ ድካም ይጫናል፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል፣ ራስ ያዞራል። የወር አበባ የምታይ ሴት በየወሩ ደም ስለምታጣ ከወንድ የበለጠ ብረት ያስፈልጋታል፤ በአሜሪካ የሚመከረው ለወንድ በቀን 8፣ ለእሷ 18 ሚሊግራም ነው።

የሥጋ ብረት በቀላሉ ይመጠጣል። የሽሮና የምስር ብረት ግን አብሮት በሚቀርበው ነገር ይወሰናል። ቫይታሚን ሲ ያግዘዋል፤ ስለዚህ በጾም ገበታ ላይ የምትቀመጠው ስንግ ቃሪያ ለማጣፈጫ ብቻ አይደለችም፤ ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣም እንዲሁ። ሻይና ቡና ደግሞ ያደናቅፉታል። ቡናን ተዉ የሚል ሰው በእኛ አገር ሰሚ አያገኝም፤ እኔም አልልም። ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢፈላ ይበቃል።

ዚንክም የፋይቴት እስረኛ ነው። ሕፃናት እንዲያድጉ፣ ቁስል እንዲድን፣ ሰውነት በሽታን እንዲከላከል ያስፈልጋል። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከኦአርኤስ ጋር ዚንክ የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ክኒኑ ከ10 እስከ 14 ቀን ድረስ መወሰድ አለበት፤ ብዙ ወላጅ የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው።

ሰውነት የሚፈልገው ማዕድን ብረትና ዚንክ ብቻ አይደለም። ውስጡ ካለው ካልሲየም 99 በመቶው በአጥንትና በጥርስ ይገኛል። የቀረችው ጥቂት ለጡንቻ፣ ለነርቭና ለደም መርጋት ስለምታስፈልግ፣ ደም ውስጥ ስትጎድል ሰውነት ከአጥንት ይበደራል። ፖታሲየምና ሶዲየም የነርቭን መልእክት ያስተላልፋሉ፤ ማግኒዚየም በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢንዛይሞችን ያግዛል።

አዮዲን ለብቻው ይታይ። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ እጅግ ጥቂት። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው በእሱ ነው። ሲያጣ ዕጢው ያብጣል፤ እንቅርት ይሆናል። ከእንቅርት የከፋው ግን የማይታየው ጉዳት ነው፦ አዮዲን ያጣች እናት ፅንስ የአእምሮ እድገቱ ሊጎዳ ይችላል። በደጋው ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈር ስላጠበው፣ እዚያ የበቀለ እህልና ጎመን ይህን ጉድለት አይሞላም። መፍትሔው ጨው ሆነ። በኢትዮጵያ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ከፋብሪካው የወጣው አዮዲን ግን ድስት እስኪገባ ላይቆይ ይችላል። ፀሐይ፣ እርጥበትና እሳት ይቀንሱታል። ጨው ምድጃ አጠገብ ክፍት ሳህን ላይ ከሚውል ክዳን ባለው ዕቃ ቢቀመጥ፣ ወጥ ውስጥም ሊወጣ ሲል ቢጨመር ይሻላል። አዮዲን ለማግኘት ብሎ ጨው ማብዛት ግን የደም ግፊት ያመጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚመክረው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። አዮዲኑ በአግባቡ ከተጨመረበት ያችው ትበቃለች።