ሕግን የሚጠብቅ ሰው

ከጣርማ በር የወረደው ደገኛና ከሸዋ ሮቢት የወጣው ቆለኛ በሚገናኙበት በደብረ ሲና ከተማ፥ አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ አስቁመውኝ፥ «መምህር፥ ልጄ ሕግ ተምሬ ዐቃቤ ሕግ እሆናለሁ ይላል። ሰውን እየከሰሱ እንጀራ መብላት ለክርስቲያን ይገባዋልን?» ሲሉ ጠየቁኝ። በቅዱስ መጽሐፍ ከሳሽ የተባለው ዲያብሎስ ነውና ጥያቄው የሚናቅ አይደለም።

መልሱን ከስሙ እንጀምር። «ዐቀበ» በግእዝ ጠበቀ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያንን ንብረት የሚጠብቀው ዐቃቤ ንዋይ ይባላል፤ የጥንቱም የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ይባሉ ነበር። እንዲሁም ዐቃቤ ሕግ ሕግን የሚጠብቅ ነው። ፖሊስ ያጣራውን መዝገብ መርምሮ ማስረጃው ሲበቃ ይከሳል፤ ሳይበቃ ሲቀር ግን ሰውን ወደ ፍርድ ቤት አይጎትትም። ክሱን ማስረዳትም የእርሱ ሸክም ነው እንጂ፥ ተከሳሹ ንጹሕነቱን እንዲያስረዳ አይገደድም።

የዚህ ሥራ ክብደት በአገራችን እጅግ የታየው በደርግ ባለሥልጣኖች ክስ ነው። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ዋና ልዩ ዐቃቤ ሕጉም አቶ ግርማ ዋቅጅራ ነበሩ። ጽሕፈት ቤቱ ከ5 ሺህ በላይ ሰዎችን ከሰሰ። በዋናው ክስ ግፋቸው ከተነሣው መካከል ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና በ1971 ዓ.ም. የተገደሉት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ይገኙባቸዋል። ከምስክሮች ቃል ሌላ፥ ባለሥልጣኖቹ ራሳቸው የፈረሙባቸው ወረቀቶች ማስረጃ ሆኑ።

ችሎቱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተከፍቶ የጥፋተኛነቱ ፍርድ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም 12 ዓመት መሆኑ ነው። ልጁን ያጣው ወላጅ ፍርድ ሲጠብቅ አረጀ፤ ከተከሳሾቹም ፍርዱን ሳይሰሙ በእስር ቤት የሞቱ ነበሩ። ኋላም በይግባኝ በግንቦት 2000 ዓ.ም. የሞት ቅጣት ተወሰነ፤ በ2003 ዓ.ም. ግን የሃይማኖት አባቶች ምሕረት ከለመኑ በኋላ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። እንግዲህ ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ፥ መፍረድ የዳኛ፥ ምሕረትን መለመን የካህናት ድርሻ ሆኖ ታየ።

የፌዴራል ዐቃብያነ ሕግ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ናቸው። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ የሕግ ትምህርት ቢሆንም፥ መሠረቱ የሚጣለው በቤት ነው። ስለዚህ ለእኒያ እናት እንዲህ ስል መለስሁላቸው፦ «እመቤቴ፥ ልጅዎ ወንድሙን ሊከስ ወደ እርስዎ ሲመጣ፥ ‹አይተሃልን ወይስ ሰምተሃል?› ብለው ይጠይቁት። ያላየውን አየሁ ከማለት ከተቆጠበ፥ ያለ ፍርሃት ይስደዱት፤ ሕግን ይጠብቃልና።»