ተረትና እውነታ፦ የድሮውን ከባድ መኪና አውቶማቲክ ማድረግ

ደብረ ታቦር ላይ የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። የድሮ ከባድ መኪና የያዘ ሾፌር ማታ ሲያቆም አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት ያዞራል። ጠዋት ባትሪው ከደከመ ረዳቱ ታኮውን ከጎማው ሥር ያነሳል፤ መኪናው ሲንደረደር ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ይለቅና ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ይነሳል። ካምቢዮውን በአውቶማቲክ ሊያስቀይር የሚያስብ ባለንብረት ይህን ልማድ አስቀድሞ ይሰናበተው። “አውቶማቲክም ተገፍቶ ይነሳል” የሚለው ተረት ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ የዘይት ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ካልዞረ የዘይት ግፊት የለም፤ ግፊት ከሌለ ደግሞ ጎማውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ነገር የለም። ጭቃ ውስጥ ገብቶ ረጅም መንገድ የሚጎተት ከሆነም ወደ ዲፈረንሲያል የሚሄደው ዘንግ መፈታት አለበት፤ አለዚያ ካምቢዮው ያለ ዘይት ተፋጭቶ ይቃጠላል።

“አንዱን አውጥቶ ሌላውን ማስገባት ነው” የሚሉም አሉ። ፊያት 682ን፣ ያን የለመድነውን ኤንትሬ፣ እናስብ። ቮላኖው ይወጣና ኮንቨርተሩን፣ በፍሪሲዮን ፈንታ ጉልበቱን በዘይት የሚያስተላልፈውን፣ የሚሸከም ሳህን ይገባል። የሞተሩና የአዲሱ ካምቢዮ ቀዳዳ ካልተገጣጠመ ማያያዣ በቶርኖ ይሠራለታል። የኋላው ዘንግ ተቆርጦ ወይም ረዝሞ ሚዛኑ ይስተካከላል፤ ለዘይቱ ማቀዝቀዣ ይጨመራል። ከዚህም በላይ ካምቢዮው ሾፌሩ ነዳጅ ምን ያህል እንደረገጠ ማወቅ አለበት። የኤንትሬ የናፍጣ ፖምፓ ደግሞ ሽቦ የማያውቅ ብረት ስለሆነ ዘንጉ ላይ ሴንሰር ይገጠምለታል። ቮልቮ በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣውን አይ-ሺፍት የመሰለ፣ ኮምፒውተር ማርሽ የሚቀይርለት ካምቢዮማ ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር መነጋገር ይፈልጋል፤ ኤንትሬ ላይ የሚያነጋግረው የለም። ለድሮ መኪና የሚሆነው እንደ አሊሰን ያለው ባለ ኮንቨርተሩ ነው።

ብዙ ክርክር የሚነሳው ግን ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ “አውቶማቲክ ቁልቁለት አይይዝም” ይባላል። ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ 900 ሜትር ያህል ይወርዳል። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲወስዱት ወራት ፈጅቷል። ዛሬ ከጉና ሥር ድንች ጭኖ የሚወርድ ተሳቢ 30 ቶን ቢመዝን፣ ወረታ እስኪደርስ ወደ 7 ሊትር ናፍጣ ቢቃጠል የሚወጣውን ያህል ጉልበት አንድ ነገር ሊውጠው ይገባል። ሞተሩ ካልዋጠው ሙቀቱ ፍሬን ሸራውና ታምቡሩ ላይ ያርፋል፤ ሲግል ፍሬኑ አልይዝ ይላል።

እውነታው እንዲህ ነው። ኮንቨርተሩ ካልተቆለፈ አውቶማቲክ ከማኑዋል ያነሰ ይይዛል፤ ማርሹ ሳይያዝ ከተተወም ፍጥነት ሲጨምር ራሱ ወደ ቀላል ማርሽ ይወጣል። ሾፌሩ ከባዱን ማርሽ ከላይ ሆኖ ከያዘው፣ ሪታርደር (ያለ ፍሬን ሸራ የሚያዘገይ መሣሪያ) ያለው ከሆነ ደግሞ ይልቁንም፣ በደንብ ይዞ ይወርዳል። የማኑዋሉም አደጋ ቀላል አይደለም፦ ቁልቁለቱ መሃል ማርሽ ሊቀንስ የሞከረ ሾፌር ማርሹ አልገባ ካለው ዜሮ ላይ ይቀራል። ስንቱ መኪና ገደል የገባው እንዲህ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ “በዜሮ ማርሽ መውረድ ናፍጣ ይቆጥባል” የሚለው ነው። ውሸት ነው! በማርሽ ሲወርድ እግር ከነዳጅ ላይ ከተነሳ ጎማው ሞተሩን ስለሚያዞረው ፖምፓው ናፍጣ መስጠት ያቆማል፤ የድሮውም ፖምፓ ቢሆን። በዜሮ ማርሽ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሾፌሩ ናፍጣውንም ይከፍላል፣ ፍሬኑንም ያጣል።

ዳገት ላይስ? ኮንቨርተሩ ሲነሱ ጉልበቱን ወደ ሁለት እጥፍ ስለሚያበዛው መኪናው ወደ ኋላ ሳይንሸራተት ይነሳል። የፈረስ ጉልበት ግን አይጨምርም። 2,700 ሜትር ላይ አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ኤንትሬ የሚደክመው በካምቢዮው ምክንያት አይደለም። ነዳጁን በተመለከተ የድሮው ባለ ኮንቨርተር ከማኑዋሉ ትንሽ አብልጦ ይበላል፤ ይህ እውነት ነው።

ከተማ ውስጥ ቆም፣ ሄድ የሚል ቆሻሻ ጫኝ ወይም ግራ ጉልበቱ የታመመ ጎበዝ ሾፌር ካለዎት ለውጡ ያዋጣል። ለተራራ ጫኝ ኤንትሬ ግን አያዋጣም፤ ገንዘቡን ለፍሬን ሸራ፣ ለታምቡርና ለአዲስ ባትሪ ያውሉት። ሾፌርዎንም ከደብረ ታቦር ሳይነሳ አደራ ይበሉት፦ ከባዱን ማርሽ ከላይ ሆኖ ይያዝ፣ ወረታ እስኪደርስም ዜሮ ላይ አያድርግ።