ክሩ ሳይበጠስ፣ ጀልባዋ ሳትገለበጥ፦ ከቡሬ እስከ ባሮ ዓሣ የማጥመድ ፊዚክስ

ቡሬ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ጎጃም ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ሌላኛዋ ቡሬ ነው፤ ከመቱ ተነስቶ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ ስላለችው የኢሉባቦር ከተማ። አካባቢው በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚያገኝ የቡናና የደን አገር ነው። ያ ሁሉ ዝናብ ታዲያ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የሶር ወንዝ ከገባ ጋር ይቀላቀላል፤ ገባና ብርብር ተገናኝተው ባሮን ይፈጥራሉ፤ ባሮ ደግሞ ከደጋው ወርዶ ጋምቤላ ሜዳ ላይ ሲደርስ ጀልባ የሚያስኬድ ወንዝ ይሆናል።

ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ ወጣቶች በስልካቸው የሚያዩት ቪዲዮ ግን አብዛኛውን ጊዜ የውጭ ነው። ሰውየው ካያክ በምትባል ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ባስ የተባለውን የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ያጠምዳል። ባስ የባሮ ተወላጅ አይደለም። ዘንጉን የሚያጎብጠው፣ ክሩን የሚበጥሰውና ጀልባዋን የሚገለብጠው ፊዚክስ ግን እዚያም እዚህም አንድ ነው። እስቲ ከመንጠቆው ጀምረን እስከ ጀልባዋ እንሂድ።

መጀመሪያ ዓሣውን ማወቅ

የባሮና የአኮቦ ተፋሰስ በዓሣ ዓይነት ብዛት ከኢትዮጵያ ተፋሰሶች ሁሉ ይበልጣል፤ ከ100 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል። ሁሉም ግን አንድ ቦታ አይኖሩም። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጋምቤላ 500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በደጋው ያለው ውሃ ቀዝቃዛ፣ ፈጣንና ድንጋያማ ነው፤ እንደ ሶር ያሉ ፏፏቴዎችም ከታች የሚመጣውን ዓሣ መንገድ ይዘጉበታል። ቆላው ላይ ውሃው ይሞቃል፣ ይሰፋል፤ ናይል ፐርች፣ ነብር ዓሣ፣ አምባዛና ቆሮሶ የሚገኙት እዚያ ነው።

እያንዳንዱ ዓሣ የሚበላበት መንገድ ይለያያል። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፤ አልጌና ተክል ይለቃቅማል፤ ለእሱ ትንሽ መንጠቆ ላይ የተድቦለቦለ ሊጥ ይበቃል። አምባዛ በድፍርስ ውሃና በሌሊት በጢሞቹ እየዳሰሰና እያሸተተ ነው የሚያድነው፤ ስለዚህ ከሚያብረቀርቅ ነገር ይልቅ የሚሸት ምግብ ይሻላል። ናይል ፐርች ሌሎች ዓሣዎችን አሳድዶ የሚውጥ አዳኝ ሲሆን ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ነብር ዓሣ ጥርሱ እንደ ምላጭ ስለሆነ ከመንጠቆው በላይ ያለው አንድ ሁለት ስንዝር ከቀጭን ሽቦ ካልተሠራ ክሩን ቆርጦ ይሄዳል።

መንጠቆ፦ ትልቅ ቁጥር ሁልጊዜ ትልቅ አይደለም

የመንጠቆ ቁጥር ጀማሪን ግራ ያጋባል። 10 ቁጥር ከ4 ቁጥር ያነሰ ነው፤ ቁጥሩ ወደ 1 ሲወርድ መንጠቆው ያድጋል። ከ1 በኋላ አቆጣጠሩ ይገለበጥና 1/0፣ 2/0፣ 5/0 እያለ መንጠቆው አብሮ ይተልቃል። ለቆሮሶ 8 ወይም 10፣ ለአምባዛ ከ2/0 እስከ 4/0፣ ለናይል ፐርች 5/0 እና ከዚያ በላይ ብትሉ አትሳሳቱም።

ስለት ከመጠን ይበልጣል። ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው፤ የመንጠቆው ጫፍ ስፋት በግማሽ ቢቀንስ በዚያው ጉልበት እጥፍ ግፊት ታገኛላችሁ። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ጫፉን አውራ ጣት ጥፍራችሁ ላይ አሳርፉና በቀስታ ሳቡት። ከተንሸራተተ ደንዟል፤ ከያዘ ደህና ነው።

ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረ ክብ መንጠቆም አለ። ዓሣው ውጦት ሲሄድ ከጉሮሮው ተንሸራቶ ይወጣና የአፉን ጥግ ይይዛል። ይህ የሚሠራው ግን ክሩን በኃይል ካልመነጨቃችሁ ነው። ትንሹን ዓሣ መልሶ መልቀቅ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የተሻለው ይኸው ነው።

ክር፦ እጥፍ ውፍረት፣ አራት እጥፍ ጥንካሬ

የክር ጥንካሬ የሚወሰነው በተቆረጠ ጫፉ ስፋት ነው። ያ ስፋት ደግሞ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ያድጋል። 0.30 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥሩ ናይለን 6 ኪሎ ገደማ ከያዘ፣ በሒሳቡ 0.60 ሚሊ ሜትር የሆነው 24 ኪሎ ገደማ ይይዛል ማለት ነው። «እንግዲያውስ ሁልጊዜ ወፍራሙን ልግዛ» ብትሉ ዋጋ ትከፍላላችሁ፦ ወፍራም ክር ሩቅ አይወረወርም፣ የወንዙ ፍሰት አብዝቶ ይገፋዋል፣ ዓሣውም ያየዋል።

ክር አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው መሐሉ ላይ ሳይሆን ቋጠሮው ላይ ነው። ቋጠሮውን ስታጠብቁ ናይለኑ እርስ በርሱ ይፋተግና ይሞቃል፤ ሙቀቱም ያዳክመዋል። አጥማጆች ከማጥበቃቸው በፊት ቋጠሮውን በምራቅ የሚያረጥቡት ለዚህ ነው።

ዘንግና ማጠንጠኛ፦ የሚያጎበጥ ነገር ለምን ይጠቅማል?

ብዙ ሰው ዘንግ ጉልበት የሚጨምር ይመስለዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። የኋላ እጃችሁ ዘንጉን እንደ ማጠፊያ ይዞ፣ የፊት እጃችሁ ከእሱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ የዘንጉ ጫፍ ደግሞ 2 ሜትር ይራቅ እንበል። ዓሣው ጫፉን በ1 ኪሎ ኃይል ቢስብ የፊት እጃችሁ 5 ኪሎ ይሸከማል። ለዓሣው ነው የሚያግዘው ማለት ነው!

ታዲያ ለምን እንይዘዋለን? ምንጣቄን ስለሚያለዝብልን ነው። 2 ኪሎ የሚመዝን ዓሣ በሴኮንድ 3 ሜትር ሲሮጥ 9 ጁል ጉልበት አለው። ከ10 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ድንገት ብታቆሙት አማካዩ ኃይል 90 ኒውተን ይሆናል፤ ይህም 9 ኪሎ እንደማንጠልጠል ነው፤ 6 ኪሎ የሚይዘው ክር ያልቅለታል። ዘንጉ ጎብጦ ክሩም ተለጥጦ ማቆሚያው ርቀት 1 ሜትር ቢሆን ግን አማካዩ ኃይል ወደ 9 ኒውተን ይወርዳል፤ 1 ኪሎ እንኳን አይሞላም። ዓሣው አንድ ነው፣ ክሩም አንድ ነው፤ የተለወጠው ርቀቱ ብቻ ነው።

ክር ማጠንጠኛው ላይ ያለው ፍሬን ይህንኑ ሥራ ይቀጥላል። መኪና የሚያውቅ ሰው «ፍሪሲዮን» ቢለው ይገባዋል፦ ኃይሉ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ሳህኖቹ እየተንሸራተቱ ክር ይለቃሉ። ፍሬኑን ክሩ ከሚይዘው ሩብ ላይ አስተካክሉት። ሩብ ብቻ የሆነበት ምክንያት አለው። ክር እየወጣ ሲሄድ የጥቅልሉ ራዲየስ ያንሳል፤ ራዲየሱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ወደ 2 ቢወርድ ክሩን ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ የዘንጉ ቀለበቶች ሰበቃና ውሃ ውስጥ የሚጎተተው ክር አለ። 8 ኪሎ ለሚይዝ ክር መለኪያው ባለ 2 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ነው፦ ሞልታችሁ ክሩ ላይ አንጠልጥሉት፤ በቀስታ መውረድ ከጀመረ ፍሬኑ ልክ ነው።

ጀልባ፦ ስፋት ሦስት ጊዜ ይባዛል

እስካሁን የተበጠሰው ክር ብቻ ነው። ጀልባ ላይ ስትወጡ ግን ጨዋታው የሕይወት ይሆናል።

የጣና ታንኳ ከደንገል ታስሮ ይሠራል። የሚያንሳፍፈው ራሱ ደንገሉ ስለሆነ ውሃ ቢረጭበትም አይሞላም፤ ግን ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። በጋምቤላ በኩል አኙዋኮችና ኑዌሮች የሚጠቀሙበት ጀልባ ከግንድ የተፈለፈለ ነው። ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ክፍት ዕቃ ስለሆነ ጠርዙ ውሃ ከነካ ይሞላል። ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ካያክ በአሠራር ሐሳቡ የታንኳ ዘመድ ነው፦ ውስጡ የታሸገ አየር ስለሆነ ላዩ ላይ የፈሰሰው ውሃ በቀዳዳዎቹ ይወርዳል።

ሦስቱም ግን ለአንድ ሕግ ይገዛሉ። ጀልባ ወደ ጎን ሲያዘነብል የሰመጠው ጎን ብዙ ውሃ ይገፋል፤ ውሃውም በዚያ ጎን ወደ ላይ ገፍቶ ቀጥ ሊያደርጋት ይሞክራል። ይህ የመመለስ አቅም ከስፋቷ ኩብ ጋር ያድጋል። 50 ሳንቲ ሜትር የነበረው ስፋት 75 ቢሆን የጨመረው በግማሽ ብቻ ነው፤ አቅሙ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል።

ለማስላት እንዲቀል 3 ሜትር ርዝመት ያለው ሳጥን መሰል ጀልባ እንውሰድ፤ ከነሰውየው 100 ኪሎ ይመዝናል። ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የጋራው የክብደት ማዕከል ከወለሉ 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ካለ ይገለበጣል። ሰውየው ሲቀመጥ ማዕከሉ 25 አካባቢ ነው፤ ለጥቂት ይተርፋል። ሲቆም ግን ወደ 75 ይወጣል፤ ይገለበጣል። በ75 ሳንቲ ሜትር ስፋት ድንበሩ 1 ሜትር አካባቢ ስለሚሆን ቢቆምም አይገለበጥም። «ታዲያ ባሮ ላይ ቆመው የሚቀዝፉትስ?» ትሉ ይሆናል። የእነሱ ጀልባ ረጅምና ከባድ ነው፤ ቁርጭምጭሚታቸውና ጉልበታቸውም በየቅጽበቱ ሚዛኑን ያርማል። ይህ ከልጅነት የተለመደ ችሎታ ነው፤ በአንድ ቀን አይገኝም።

አሁን ዓሣውን እንጨምርበት። በዚያው ጠባብ ጀልባ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ከውሃው 80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ዓሣ በ3 ኪሎ ኃይል ወደ ጎን ቢስባችሁ ጀልባው ወደ 16 ዲግሪ ያዘነብላል፤ ጠርዙም 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። የጫነ ጀልባ ከውሃው በላይ የሚተርፈው ጠርዝ አንዳንዴ ይኸው ነው። ሰፊው ጀልባ በዚሁ ኃይል ከ2 ዲግሪ በላይ አያዘነብልም። ስለዚህ ዓሣ ሲይዝ አፍንጫዋን ወደ ዓሣው አዙሩ፤ ይጎትታችሁ እንጂ አይገልብጣችሁም። ክር በወገብም ሆነ በእጅ አንጓ ላይ ፈጽሞ አትጠምጥሙ። መልህቅም ከጎን አይታሰርም፤ የወንዙ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ነው።

ወንዙ ራሱ

ባሮ ክረምትና በጋ አንድ ወንዝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ጋምቤላም ወደብ ሆነች። ከኢሉባቦር ቡና እየወረደ ከካርቱም በሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ይጫን ነበር። መርከቦቹ የሚመጡት ግን በዝናቡ ወራት ወንዙ ሲሞላ ነው፤ በበጋ ውሃው አያሻግራቸውም። ያን መርከብ የሚሸከመው የክረምት ውሃ ግንድ እየጠረገ ስለሚመጣ ለትንሽ ጀልባ ጠላት ነው። ለጀማሪ የሚሆነው የበጋው ቀርፋፋ ውሃ ነው።

በቆላው ክፍል አዞና ጉማሬም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ በጋምቤላ ባሮ ውስጥ ሲዋኝ በአዞ ተገድሏል። የአካባቢው ሰው «እዚህ አይገባም» ያላችሁን ቦታ አትከራከሩበት። ላይፍ ጃኬት ደግሞ ጀልባው ላይ ተቀምጦ ሳይሆን ደረታችሁ ላይ ታስሮ ነው የሚሠራው። ብቻችሁንም አትሂዱ።

ለምን በመንጠቆ?

በኢሉባቦር የቡና ጥላ ከሆኑት ዛፎች አንዱ ብርብራ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ተንሳፎ ይወጣል፤ ዘንግም ክርም አያስፈልግም። ምክንያቱ ሮቴኖን የተባለው ንጥረ ነገር ነው፦ በስንጥቡ በኩል ወደ ዓሣው ደም ይገባና ሴሎቹ ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል። ችግሩ አለመምረጡ ነው። ትልቁን፣ ጫጩቱን፣ ዓሣው የሚመገባቸውን የውሃ ነፍሳት ሁሉ አብሮ ይጨርሳል። መንጠቆ ግን በቁጥሩ ይመርጣል፤ ትንሹን እጃችሁን አርጥባችሁ ብትለቁት ይኖራል። አገራችንም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አላት፤ ከመውጣታችሁ በፊት የወረዳችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ወንዝ ሳትሄዱ ቤት ውስጥ ልትሞክሩት የምትችሉት ነገር አለ። ባዶ ጀሪካን በክራችሁ አንጠልጥላችሁ ውሃ በሊትር በሊትር ጨምሩበት፤ ስንት ላይ ተበጠሰ? ቋጠሮው ላይ ነው ወይስ መሐሉ ላይ? ከዚያ አንድ ጠባብና አንድ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ሳፋ ውስጥ አንሳፉና ውስጣቸው ድንጋይ አስቀምጡ፤ ድንጋዩን በቆርኪና በክብሪት ቀፎ እያስደገፋችሁ ከፍ ከፍ አድርጉት። የትኛው ቀድሞ እንደሚገለበጥ አሁኑኑ ገምቱና ጻፉት፤ ከዚያ ፈትሹት።