ሰኔ 30 የሚቃጠል ፓኬጅ

መቼም ይህ ያልደረሰበት ሰው የለም። የገዛነው የኢንተርኔት ፓኬጅ ዛሬ እኩለ ሌሊት ላይ ጊዜው ያልፍበታል፤ ገና ሁለት ጊጋ ይቀረዋል። ምን እናደርጋለን? የማናየውን ፊልም እናወርዳለን፣ የማንጫወተውን ጌም እንጭናለን። “ከሚቃጠል” ብለን። ጠዋት ስንነሳ ስልኩ ሞልቷል፣ ፓኬጁም መቶ በመቶ ሥራ ላይ ውሏል። የምንፈልገውን ነገር ግን አላገኘንም።

ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰኔ ላይ የሚያደርጉት ከዚህ ብዙም አይለይም። ይህን የምለው ከውጭ ሆኜ አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ክፍል ጀማሪ ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። ለማንም የማይጠቅመውን “ፊልም” ካወረዱት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ በመርህ ደረጃ ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል። ገንዘብ መመለስ ደግሞ እንደ ቁጠባ አይታይም፤ “የመጠቀም አቅም የላችሁም” ያስብላል። የሚቀጥለው ዓመት የበጀት ጣሪያ ይቀነስብናል የሚል ፍርሃትም አለ። ስለዚህ ግንቦት ሲጋመስ ሩጫው ይጀመራል። ወንበር ይገዛል፣ ቶነር ይገዛል፣ ሥልጠና ይጠራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

እኔን የገጠመኝ ሥልጠናው ነው። የዓመቱ ዕቅዳችን 600 ሥራ አጥ ወጣቶችን በአነስተኛ ንግድ ማሠልጠን ነበር። ሚያዝያ እስኪያልቅ ግማሹን እንኳ አላሠለጠንም። ሰኔ ላይ አዳራሽ ተከራይተን የቀሩትን በአንድ ሳምንት ጨረስን። እንዲያውም አለፍን፤ 618 ሆኑ። በሪፖርቱ ላይ “አፈጻጸም 103 በመቶ” ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳጥኑንም አረንጓዴ ቀባሁት። አለቃዬ “ጎበዝ” አሉኝ፤ ደስ አለኝ።

ከወራት በኋላ የሠልጣኞቹ ስም ዝርዝር ለሌላ ጉዳይ እጄ ገባ። እንዲሁ ማወቅ ፈልጌ 20 ሰው መርጬ ደወልኩ። የአራቱ ስልክ አይሠራም። ካነሱት 16 ውስጥ በሠለጠኑበት ሥራ ላይ ያገኘኋቸው 3 ብቻ ናቸው።

አንዷ ልጅ ያለችኝን እስካሁን አልረሳሁትም። “ሥልጠናው ጥሩ ነበር፤ ደብተርም ምሳም ተሰጥቶናል። ከዛ ግን የመሥሪያ ዕቃ ስንጠይቅ ‘ለዚያ የተያዘ በጀት የለም’ ተባልን” አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ “አሁን የደወላችሁት ዕቃው ተገኝቶ ነው እንዴ?” ብላ ጠየቀችኝ።

ምን ልበላት? በወረቀት ላይ እሷ የእኛ ስኬት ነበረች። ከ103 በመቶው ውስጥ አለችበት።

የዚያን ቀን ሦስት ሰነዶች አወጣሁና ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አንደኛው የአምስት ዓመቱ ስትራቴጂክ ዕቅድ ነው፤ “ለወጣቶች ዘላቂ የሥራ ዕድል መፍጠር” ይላል። ሁለተኛው በጀቱ ነው፤ የአዳራሽ ኪራይ፣ አበል፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ነዳጅ ይላል። ሦስተኛው ሪፖርቱ ነው፤ የሠለጠነ ሰው ብዛትና ወጪ የሆነ ብር ይላል። ዕቅዱ የሚያወራው ስለ ሥራ፣ በጀቱ ስለ አዳራሽ፣ ሪፖርቱ ስለ ተሰብሳቢ ነው። ሦስቱም በአንድ ሕንፃ ውስጥ እየኖሩ አይተዋወቁም።

ይህ የአንድ ቢሮ ስንፍና ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ግን ከላይም ጀምሮ ቤታቸው ለየብቻ ነው። ዕቅድ የፕላንና ልማት ሚኒስቴር ጉዳይ ነው። በጀት የገንዘብ ሚኒስቴር ጉዳይ ነው። የሠራተኛው የሥራ አፈጻጸም ምዘና ደግሞ ወደ ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ያመራል። እያንዳንዱ የራሱ ቅጽና የራሱ የጊዜ ሰሌዳ አለው። ታች ያለው ባለሙያ ሦስቱንም ቅጽ ይሞላል፤ የማይሞላው በመካከላቸው ያለውን መስመር ነው። ለዚያ የተዘጋጀ ቅጽ የለማ!

የበጀት ጥሪ ሲመጣም ያየሁት ይህንኑ ነው። ጣሪያው ይነገረናል። ያለፈውን ዓመት ፋይል እንከፍታለን፣ ቁጥሮቹን ትንሽ ከፍ እናደርጋለን፣ እንልካለን። የጸደቀው ሲመለስ ዕቅዱን በገንዘቡ ልክ እናጥፈዋለን። ዕቅድ በጀትን መምራት ሲገባው በጀት ዕቅድን ይጎትተዋል። ያልተበጀተለት ዕቅድ ደግሞ ያው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሙከራ አልነበረም ማለት አይደለም። ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ። ከ2004 በጀት ዓመት ጀምሮ ደግሞ የፌደራል መሥሪያ ቤቶች ወደ ፕሮግራም በጀት ገቡ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። “ለደመወዝ ይህን ያህል፣ ለነዳጅ ይህን ያህል” ከማለት፣ “ለዚህ ዓላማ ይህን ያህል ገንዘብ፣ በእሱም ይህ ውጤት” ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው ስሙ ተለውጦ ስሌቱ ሳይለወጥ ሲቀር ነው። በስልክ ቋንቋ ብነግራችሁ፣ ፎልደሩን ሪኔም አድርጎ ውስጡ ያለውን ፋይል አለመንካት ነው።

ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። የፎርድ መኪና ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሮበርት ማክናማራ እ.ኤ.አ. በ1961 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሲሆኑ ዕቅድን፣ ፕሮግራምንና በጀትን የሚያስተሳስር አሠራር ዘረጉ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 አሠራሩ በሌሎቹም የፌደራል መሥሪያ ቤቶች እንዲሠራበት አዘዙ። የወረቀት ክምር ሆነ፤ ኮንግረሱም በለመደው መንገድ በጀት ማጽደቁን ቀጠለ፤ በ1971 ከመከላከያ ውጭ ባሉት መሥሪያ ቤቶች ቀረ። በ1993 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ስትራቴጂክ ዕቅድ፣ ዓመታዊ የአፈጻጸም ዕቅድና የአፈጻጸም ሪፖርት እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ቅጽ ብቻውን ምንም አያስተሳስርም። በጀት የሚወስነው ሰው ውጤቱን ካልጠየቀ ሪፖርቱ ለመደርደሪያ ነው።

ታዲያ ማስተሳሰር ማለት ምን ማለት ነው? በእኛው ሥልጠና ልየው። መጀመሪያ መድረሻው ይጻፋል፦ ከሠለጠኑት ውስጥ ከስድስት ወር በኋላ በራሳቸው ሥራ ላይ የሚገኙት ስንት ይሁኑ? ከዚያ ወደ ኋላ ይቆጠራል። እዚያ ለመድረስ ሥልጠና ብቻ ይበቃል ወይስ መሣሪያ፣ ብድር፣ መሥሪያ ቦታም ያስፈልጋል? የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ፕሮግራም ሥር ይበጀታል፤ ለእያንዳንዱም ኃላፊ ይሰየምለታል። በመጨረሻ የሚለካው የተሰበሰበው ሰው ሳይሆን በሥራ ላይ የተገኘው ነው። ለመለካት የሚያስፈልገው ገንዘብም አብሮ ይያዛል፤ እኔ የደወልኩት በራሴ ካርድ ነበር።

ይህንኑ ጽፌ ለአለቃዬ ወሰድኩላቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። “አንተ ልጅ፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ እኛን ብቻ ቀይ ልታደርገን ነው?” አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እውነቱን የተናገረ ብቻውን ቀይ በሚሆንበት ስብሰባ ላይ ማን ይናገራል?

ለዚህ ነው አንዳንዶች “ውጤት ያላመጣ በጀቱ ይቀነስ” ሲሉ የምፈራው። አንድ ጤና ጣቢያ ደካማ ውጤት ቢያመጣ ምክንያቱ የአዋላጅ እጥረት ሊሆን ይችላል። በጀቱን ብትቀንሱበት የምትቀጡት ወላዷን እናት ነው። ዳይሬክተሩም በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩን ማሳመር ይማራል። መለኪያ መጀመሪያ “ለምን?” ብሎ መጠየቂያ ቢሆን ይሻላል። መቁረጥም መጨመርም ከመልሱ በኋላ ይምጣ።

በመጨረሻ አለቃዬ ግማሽ መንገድ መጡልኝ። በሚቀጥለው ዓመት የሠልጣኙን ዕቅድ ከ600 ወደ 300 አወረድነው፤ በተረፈው ገንዘብ የሥራ መሣሪያ እንዲገዛ ጠየቅን። ተፈቀደ። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና 20 ሰው ደወልኩ። 9ኙ ሥራ ላይ ናቸው። 9 ከ20 የሚያስጨፍር ውጤት አይደለም፤ ግን ከ3 ይበልጣል። ደግሞም በእውነት ያሉ ሰዎች ናቸው።

በግምገማው ስብሰባ ላይ “የሠልጣኝ ቁጥር ለምን በግማሽ ቀነሰ?” ተብለን ተጠየቅን። አለቃዬ ተነሥተው ሁለቱን ቁጥሮች አነበቡ፤ አምና 3፣ ዘንድሮ 9። አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ አለ። “እስቲ እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት መሣሪያ ነው የተሰጣቸው?” ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ተገኘ። ስለ ውጤት የተጠየቀ ጥያቄ በዚያ አዳራሽ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ያችን ልጅ በሁለተኛው ዙር ልናካትታት ፈልገናት ነበር። ስልኳ አይሠራም።

“ይህ ሁሉ እኔን ምን አገባኝ?” የምትሉ ትኖራላችሁ። የ2018 የፌደራል መንግሥት በጀት ወደ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ከሚሞሉት ምንጮች አንዱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ 15 በመቶ፣ ፓኬጅ ስትገዙ ጭምር የምትከፍሉት። ስለዚህ ሚያዝያና ግንቦት ላይ የመሥሪያ ቤቶች የዘጠኝ ወር አፈጻጸም በምክር ቤት ሲቀርብ፣ ሰኔ ላይ በጀቱ ሲቀርብ፣ ቪዲዮው ስልካችሁ ላይ ይመጣል። ከማሳለፋችሁ በፊት ሦስት ነገር አዳምጡ። ዕቅዱ የማንን ሕይወት ሊለውጥ ነው? ገንዘቡ ለዚያው ነገር ተይዟል? የቀረበው ቁጥር የወጣውን ብር ነው የሚቆጥረው ወይስ የተለወጠውን ነገር? የዋና ኦዲተር ሪፖርትንም ተከታተሉ። ሒሳቡ ሕጋዊ መሆኑን ብቻ አይደለም የሚመረምሩት፤ የክዋኔ ኦዲት የሚባለው ሥራው በትክክል መሠራቱንም ያያል።

ከእናንተ ውስጥ ነገ የዕቅድ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥም ይኖራል። ያኔ ሳጥኑን አረንጓዴ ከመቀባታችሁ በፊት ከስም ዝርዝሩ ጥቂት ሰው ምረጡና ደውሉ። እኛ ሌሎቻችን ደግሞ ዘንድሮ ሰኔ “አፈጻጸማችን 98 በመቶ ደርሷል” ሲባል ከማጨብጨባችን በፊት አንዲት ቃል እንጠይቅ፦ የምኑ?