በአዋሽ ሸለቆ ሙቀት ውስጥ የስኳር መለኪያ ሴንሰርን መጠቀም

የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች በክንዳቸው ላይ ለጥፈው የሚንቀሳቀሱበት የስኳር መለኪያ ሴንሰር በአገራችንም ቀስ በቀስ እየታወቀ መጥቷል። በመንግሥት ጤና ተቋማት የሚደረገው መደበኛ ክትትል ዛሬም በጣት ደም ምርመራ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ሴንሰሩ ወደ ታካሚዎች እጅ የሚገባው በአብዛኛው በግል ግዢ ወይም በውጭ አገር በሚኖሩ ዘመዶች አማካይነት ነው። በዚህ መንገድ የተገኘ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ያለ ባለሙያ ማብራሪያ ሥራ ላይ ይውላል። የአጠቃቀም መመሪያውም የተጻፈው በባዕድ ቋንቋና ለሌላ የአየር ንብረት ነው። ይህ ማብራሪያ በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በሰመራና በሎግያ ለሚኖሩ፣ እንዲሁም በጅቡቲ መንገድ ላይ ለሚሠሩ ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ነው።

ሴንሰሩ የሚለካው ምንድን ነው?

ብዙ ተጠቃሚዎች ሴንሰሩ በቀጥታ ደምን የሚለካ ይመስላቸዋል። መሣሪያው የሚለካው ግን ከቆዳ ሥር፣ በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘውን ስኳር ነው። ሴንሰሩ ሲለጠፍ መርፌው ወዲያው ተመልሶ ይወጣል፤ ከቆዳ ሥር የሚቀረው አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ብቻ ነው። በክሩ ላይ ያለው ኢንዛይም ከስኳር ጋር ሲገናኝ እጅግ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፤ መሣሪያውም ይህን ፍሰት ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። እንደ ዓይነቱ አንድ ሴንሰር ከ10 እስከ 15 ቀን ያገለግላል። ከተነሣ በኋላ ተመልሶ አይለጠፍም።

ስኳር መጀመሪያ የሚገባው ወደ ደም ነው፤ ወደ ፈሳሹ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። መዘግየቱ በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይደርሳል። ስኳሩ በተረጋጋበት ሰዓት ይህ ልዩነት ጉዳት የለውም። ከምግብ በኋላ፣ ከባድ ሥራ በሚሠራበት ወይም ኢንሱሊን በሚሠራበት ሰዓት ግን ልዩነቱ ይሰፋል። ሴንሰሩ 95 ብሎ ወደታች የሚያመለክት ቀስት ካሳየ፣ የደሙ ስኳር በዚያው ቅጽበት ወደ 70 ወርዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀስቱ ከቁጥሩ ያላነሰ ትኩረት ያስፈልገዋል።

በተቃራኒው ደግሞ ስኳሩ የወረደበት ሰው ስኳር በውሃ በጥብጦ ከጠጣ በኋላ ሴንሰሩ ለጥቂት ጊዜ አሁንም ዝቅተኛ ቁጥር ያሳያል። ታካሚው ተደናግጦ ደጋግሞ ስኳር ከወሰደ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስኳሩ ከ300 በላይ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ሰውነት የሚሰማውና ስክሪኑ የሚያሳየው ካልተስማሙ ውሳኔው በጣት ደም ምርመራ ሊረጋገጥ ይገባል። ሴንሰር ያለው ሰው የጣት መለኪያውንና ስትሪፑን ከቤቱ ማውጣት የሌለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ሙቀቱ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ ከ900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ሰመራ ግን ከ400 ሜትር እምብዛም አትርቅም። በሰመራ በበጋማዎቹ የግንቦት፣ የሰኔና የሐምሌ ወራት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድን ማለፉ የተለመደ ነው። ይህ ሙቀት በሦስት መንገድ ይነካል፤ መሣሪያውን፣ ኢንሱሊኑንና የታካሚውን ሰውነት።

በመሣሪያው በኩል ሁለት የተለያዩ ወሰኖች አሉ። ያልተከፈተ ሴንሰር መቀመጥ የሚገባው እንደ ዓይነቱ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በማያልፍ ቦታ ሲሆን፣ ትክክለኛው ቁጥር በማሸጊያው ላይ ተጽፏል። በስፋት ከሚታወቁት ዓይነቶች አንዱ ከተለጠፈ በኋላ እስከ 45 ዲግሪ እንዲሠራ ተደርጎ የተሠራ ነው። ስለዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በክንድ ላይ ላለው ሳይሆን በሳጥን ውስጥ ላለው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰመራ በአውቶቡስ የሚላክ ሴንሰር በጣሪያ ላይ ወይም በሾፌሩ ፊት ለፊት ባለው መስታወት ሥር ቀኑን ሙሉ ከዋለ፣ ታካሚው ጋ የሚደርሰው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ማሸጊያው ግን አዲስ ይመስላል። መንገደኛ በእጁ ቦርሳ ይዞት ቢመጣ የተሻለ ነው።

በክንድ ላይ ያለው ሴንሰርም ቢሆን በቀጥታ ፀሐይ ሲመታ ወሰኑን ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ መሣሪያው ቁጥር ከማሳየት ይልቅ ከመጠን በላይ መሞቁን ያሳውቃል። ወደ ጥላ ገብቶ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል፤ ሴንሰሩን ነቅሎ መጣል አያስፈልግም። ሰፊ እጅጌ ያለው ልብስ ከፀሐይ ይከልለዋል። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ፍል ውሃ ለሚታጠቡ ሰዎች የተለየ ማሳሰቢያ አለ፦ አንዳንድ ሴንሰሮች ከአንድ ሜትር በላይ ጥልቀት ወይም ከ30 ደቂቃ በላይ በውሃ ውስጥ መቆየት የለባቸውም። ከዚህም በላይ የውሃው ሙቀት የተወጋውን ኢንሱሊን ቶሎ ወደ ደም ስለሚያስገባ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል።

ላብ ማጣበቂያውን ያላቅቃል። በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ቆዳው ታጥቦና በአልኮል ተጠርጎ በደንብ ከደረቀ በኋላ መለጠፍ ይመረጣል። ቅቤ፣ ቅባት ወይም ሎሽን በነካው ቆዳ ላይ አይጸናም።

ኢንሱሊንን በተመለከተ፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ወይም መብራት በሚቋረጥበት ቤት የሸክላ ማሰሮ ጠቃሚ ነው። በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ ተቀምጦ በመካከላቸው ያለው አሸዋ በውሃ ይረሳል፤ አፉ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ውሃው በሚተንበት ጊዜ ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ እንደ አፋር ባለ ደረቅ አየር ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን በሰሜን ኬንያ በሚገኘው የዳጋሃሌይ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት መነሻ አድርገው ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳላጣ አሳይቷል። ውጤቱ ግን የሚመለከተው ኢንሱሊንን ብቻ ነው፤ ከ37 ዲግሪ በላይ ላለ ሙቀትም ዋስትና አይሆንም። ያልተከፈተ ሴንሰር በማሰሮው ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ እርጥበት በማያስገባ ፕላስቲክ በደንብ መታሸግ ይኖርበታል።

በሦስተኛ ደረጃ ሰውነት ራሱ አለ። ውሃ ያጣ ሰው ስኳሩ ከፍ ይላል፤ በከባድ የውሃ ጥማት ጊዜ ደግሞ የሴንሰሩ ንባብ ሊሳሳት ይችላል። ቀኑን በፀሐይ የዋለ ሰው የሚያየውን ቁጥር ከማመኑ በፊት ውሃ ጠጥቶ ጣቱን መመርመር አለበት።

ቁጥሩ በየትኛው መለኪያ ነው?

በኢትዮጵያ የደም ስኳር የሚነገረው በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው፤ በአሜሪካም እንዲሁ። ከእንግሊዝ፣ ከካናዳ ወይም ከአውስትራሊያ የሚላክ ማንበቢያ ግን ቁጥሩን የሚያሳየው በሚሊሞል በሊትር ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። «15» የሚል ንባብ ያየ የቤተሰብ አባል ስኳሩ ክፉኛ የወረደ መስሎት ለታካሚው ስኳር ሊያጠጣ ይችላል፤ 15 ሚሊሞል ግን 270 ሚሊ ግራም ነው። ሚሊሞሉን በ18 ማባዛት ወደ ለመድነው ቁጥር ያመጣዋል። በዚህ ስሌት 3.9 ማለት 70፣ 10 ማለት ደግሞ 180 ነው። በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ውጤት የሚናገር ታካሚ ከቁጥሩ ጋር መለኪያውንም መጥቀስ አለበት። በአንዳንድ ማንበቢያዎች ላይ መለኪያው በፋብሪካ የተወሰነ ስለሆነ ሊቀየር አይችልም፤ እንዲህ ከሆነ የማባዣውን ሠንጠረዥ በወረቀት ጽፎ ከመሣሪያው ጋር መለጠፍ ይጠቅማል።

ዘመድ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሁለት ነገር ማጣራት ይገባል። አንደኛው የታካሚው ስልክ ከሴንሰሩ ጋር መግባባት መቻሉ ነው፤ አንዳንዶቹ ኤንኤፍሲ የሚባል አገልግሎት ያለው ስልክ ይፈልጋሉ። ሁለተኛው በአንድ አገር የተሸጠ ሴንሰር በሌላ አገር መተግበሪያ ላይ ላይሠራ መቻሉ ነው። መተግበሪያውን ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ በሴንሰሩና በስልኩ መካከል ያለው ዕለታዊ ግንኙነት ግን ያለ ኢንተርኔት ይካሄዳል።

ሌሊት

በአገራችን ብዙ ታካሚዎች የሚወስዱት ደፍራሳው ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች፣ ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ኃይሉ ከፍ ይላል። ምሽት ላይ የተወጋው ታዲያ በእኩለ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ሰዓት ስኳሩን ሊያወርድ ይችላል። የሴንሰሩ ዋነኛ ጥቅም ምናልባት እዚህ ላይ ነው፤ ማንቂያ ያለው ዓይነት ስኳሩ ወደ 70 ሲወርድ ይጮኻል። የመጀመሪያዎቹ ዓይነቶች ማንቂያ የላቸውም፤ ስልክ ወይም ማንበቢያ ካልተጠጋቸው ዝም ይላሉ። ማንቂያውም የሚሰማው ስልኩ ቻርጅ ካለውና በጥቂት ሜትር ርቀት ውስጥ ካለ ብቻ ነው። ሙቀቱን ሸሽተው ደጅ የሚያድሩ ሰዎች ስልኩን ቤት ውስጥ ሶኬት ላይ ትተው ከወጡ ማንቂያው አይደርሳቸውም።

የተለጠፈበትን ክንድ ተጭኖ መተኛት ሐሰተኛ ዝቅተኛ ንባብ ይፈጥራል። ማንቂያው ሲጮኽ ከክንዱ ላይ ተነሥቶ ጣትን መመርመር ተገቢ ነው። መመርመር ካልተቻለና ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ግራ መጋባት ካለ ግን ጊዜ ሳይጠፋ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም በጣት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የግመልም ሆነ የፍየል ወተት ከስኳር ውሃ ይልቅ ቀርፋፋ በመሆኑ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በጎኑ አስተኝቶ የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 መጥራት ወይም በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል።

በጅቡቲ መንገድ ላይ የሚሠሩ

ኢንሱሊን የሚወስድ የከባድ መኪና አሽከርካሪ መሪ ከመያዙ በፊት ስኳሩን ማወቅ አለበት። በእንግሊዝ አገር የሚሠራበት መመሪያ እዚህም ሊጠቅም ይችላል፦ ከ90 በታች ከሆነ ሳይነሡ ምግብ መቅመስ፤ ከ70 ገደማ በታች ከወረደ ጨርሶ አለመንዳት፤ ስኳሩ ከተመለሰ በኋላም 45 ደቂቃ መጠበቅ። እየነዱ ስክሪን ማየት አይፈቀድም፤ መኪናውን ጥግ ማስያዝ ያስፈልጋል። ሕመሙን ከረዳት መደበቅም አይገባም። በአፋር ምድር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዳጉ ሳይለዋወጡ አይለያዩም፤ የስኳር ውሃው የት እንደተቀመጠና መቼ እንደሚሰጥ ለአብሮ ተጓዥ መንገር ከውሃና ከግጦሽ ወሬ የሚያንስ ጉዳይ አይደለም።

በረመዳን

መጾም የሚችለውንና የማይችለውን የሚለየው ሐኪም ሲሆን፣ ምክክሩ ከጾሙ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድሞ ቢደረግ መድኃኒቱን ለማስተካከል ጊዜ ይገኛል። ጣትን መውጋትም ሆነ ሴንሰሩን ማንበብ ጾም አያስፈታም። ስኳሩ ከ70 ከወረደ ወይም 300 ካለፈ ግን በዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን መመሪያ መሠረት ጾሙ ወዲያው ሊፈታ ይገባል፤ «መግሪብ ደርሷል፣ ትንሽ ልታገሥ» ማለት አደገኛ ነው።

ለማን ያስፈልጋል?

ሴንሰሩ ይበልጥ የሚጠቅመው በቀን ደጋግመው ኢንሱሊን ለሚወጉ፣ በተለይም ለሕፃናትና የስኳር መውረድ ምልክት ለማይሰማቸው ሰዎች ነው። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድና ስኳሩ የተስተካከለለት ሰው ገንዘቡን ለስትሪፕ፣ ለዓይንና ለኩላሊት ምርመራ ቢያውለው ይሻላል። በወር ሁለት ሴንሰር መግዛት የማይችል ታካሚም በሐኪም ቀጠሮው ዋዜማ አንዱን ብቻ ተጠቅሞ የሁለት ሳምንቱን ውጤት ማሳየት ይችላል፤ ለሐኪሙ መጠን ለማስተካከል ብዙ ይረዳዋል።

ቆዳ ሳይነኩ ስኳር እንለካለን የሚሉ የእጅ ሰዓቶችና ቀለበቶች በገበያም በማኅበራዊ ሚዲያም ይሸጣሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ እንዲህ ላለ ሰዓት ወይም ቀለበት ፈቃድ እንዳልሰጠ አስታውቋል። በእነዚህ ቁጥር ኢንሱሊን መወጋት ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል።

ሴንሰር የሚጠቀም ታካሚ የሚወስዳቸውን ሌሎች መድኃኒቶች ለባለሙያ መናገር አለበት፤ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ሲ በአንዳንዶቹ፣ ፓራሲታሞል ደግሞ በአንዳንድ ቀደምት ዓይነቶች ላይ ንባቡን ያለ አግባብ ከፍ ያደርጋል። ለኤምአርአይ ምርመራ የሚሄድም ስለ ሴንሰሩ አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባዋል። ስኳሩ ከ300 በላይ ሆኖ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም ወይም ፈጣን አተነፋፈስ ከታየ ኢንሱሊኑን ሳያቋርጡ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ በሰመራና በሎግያ አካባቢ ላሉ የዱብቲ ሆስፒታል ቅርብ ነው። የተጠቀሙበት ሴንሰርና መርፌ ያለበት ማስገቢያ በጠንካራ ፕላስቲክ ዕቃ ተከድኖ ለቅርብ ጤና ጣቢያ ይመለሳል።